የሰውን ግዴታ በአፌ ተሸክሜ

የልጄን ቁመት መጠየቁን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ።

የነገረችኝ አዴ ጫልቱ ናት። የካ ሜዳ ላይ ከሰፈርንበት ቦታ በታች ቤቷ ያለ፣ ወተት የምታመጣልን፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የምትናገር ጎረቤቴ ናት። ከሟቹ ጭነኛችን ከዘለቀ ተዝካር ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ጎጆ ገባች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ወንድሙ ከመንዝ መጥቷል» አለችኝ። «አስፋው የሚሉት። ሽማግሎች ‹ካሳ ተቀበልና ደሙ ይድረቅ› ቢሉት ‹ወንድሜን በከብት አልለውጥም› አለ። ከተዝካሩም እህል አልቀመሰ።»

«ሐዘኑ ገና ነው። ሲቆይ ይበርድለታል» አልኋት።

«ስሚኝ እንጂ አንቺ ሴት። ከዚያ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? ‹ያቺ ወንዝ ዳር ንጉሥ ይሙት ብላ የጮኸችው ልጅ ቁመቷ ምን ያህላል?› አለ። አንዱ ቂል ደግሞ ብድግ ብሎ በእጁ እስከ ደረቱ ለካለት።»

ጥሩነሽ ልጄ በዚያች ሰዓት ደጅ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች፤ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ቁመት የሚጠይቅ ሰው መልኳን አያውቅም። መልኳን ሳያውቅ ቁመቷን የሚፈልግ ሰው ከሩቅ ሊያያት ነው። ጠመንጃ መያዙን አዴ ጫልቱ የነገረችኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ ባትነግረኝም አውቄው ነበር።

እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ለመናገር ሥራዬን ከሥሩ ማንሣት አለብኝ። ሥራዬ ማስተርጎም ነበር፤ ዛሬ ትቼዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ ስለሆነ ጽሕፈቴ እንደ ንግግሬ ነው። አንባቢ ይታገሠኝ።

ልጅ ሳለሁ በሰሜን አገር አንድ እንግሊዝ ብረት ሠሪ ቤት ውሃ እቀዳ ነበር። ሚስቱ ደግ ሴት ነበረች፤ ግን ቀኑን ሙሉ ጣቷን ቀስራ የምትናገራት አንዲት ቃል ነበረቻት፣ «መስት» የምትባል። እጅ መታጠብ መስት። ማሰሮ መክደን መስት። ሌላው ሰው እንግሊዝኛን ከሰላምታ ይጀምራል፤ እኔ ከግዴታ ጀመርሁ። ምን ማለት እንደሆነም ማንም አልነገረኝም፤ ከጣቷ ነው የተማርሁት።

እነሱ አገር ለቀው ሲወጡ አብሬ ወረድሁ። ከባሕሩ ማዶ ባለው የእንግሊዝ ወደብ በአንድ መኮንን ቤት ልብስ አጣቢ ሆኜ ብዙ ዘመን ኖርሁ። እዚያው አገባሁ፤ ባሌ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ጥሩነሽን ወለድሁለት፤ ጡት ሳትጥል በንዳድ ሞተብኝ። ልጄን አዝዬ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ሸዋ ተመለስሁ። አንኮበር ስደርስ ሀብቴ ቋንቋው ብቻ ነበር።

አለቃ እንግዳወርቅ ያገኙኝ እዚያ ነው። ለሚመጣው ፈረንጅ ሁሉ የሚያስተረጉሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በመርከብ ሲያገለግሉ የለመዱት እንግሊዝኛ ነበራቸው።

«ሴት አስተርጓሚ?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ወንዶቹ ሲሳሳቱ ይገረፋሉ። አንቺን ምን ያድርጉሽ?»

«ከመሳሳቴ በፊት ይንገሩኛ፣ አባቴ።»

ሳቁና ያዙኝ። ከዚያ ወዲህ የመኳንንት ሴቶችና በሽተኞች ያሉበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመራ ጀመር። ደመወዙ አሞሌ ጨው፣ አልፎ አልፎም አቡጀዲ ነበር፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

የአለቃ ልማድ እንዲህ ነበር። ፈረንጁ ተናግሮ ሲጨርስ አፋቸውን ቶሎ አይከፍቱም። ምራቃቸውን ይውጣሉ። በዚያች ፋታ ውስጥ ራሳቸውን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ግድ ከማን የመጣ ነው? መልሱን ሲያገኙ ኩታቸውን ያስተካክላሉ። ፈረንጁ የገዛ ፈቃዱን ሲናገር ኩታቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ዝቅ ብለው ያቀርቡታል። ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ሲሆን እስከ አንገታቸው ለብሰው ቀጥ ይላሉ። ሰሚው ገና ቃሉ ሳይደርሰው ክብደቱን ከኩታው ያውቃል።

መንገድ ስንሄድ ያስተምሩኝ ነበር።

«‹መስት› ሲል ዓይኑን እይ» ይሉኛል። «ግዱ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከተናጋሪው ሆድ የወጣ ነው። ‹ሃቭ ቱ› ሲል ግን ግዱ ከውጭ መጥቶበታል፤ ዝናብ ይሁን፣ ሕግ ይሁን፣ አለቃው ይሁን። ያን ጊዜ እሱም እንዳንቺው ተሸካሚ ነው፤ እዘኝለት።»

«‹ሹድ›ስ?»

«ምክር ነው። እንቢ ቢሉት አይጣላም፤ ያኮርፋል እንጂ።»

«‹ኦውት› የሚሉትስ?»

«እሱ ‹ይገባሃል› ነው፤ የነፍስ አባት ድምፅ አለበት። ሲሰሙት ሰው መሬት መሬት ያያል።»

እኔም በልቤ አንድ ነገር አስተውል ነበር። እኛ «መሄድ አለብኝ» ስንል ግዴታውን ላያችን ላይ እንጭነዋለን፤ እንደ እንስራ ጀርባችን ላይ ነው። እነሱ ግን «ሃቭ» ይላሉ፣ ‹አለኝ› እንደ ማለት፤ እንደ ዕቃ በእጃቸው ይይዙታል። በእጅ የያዙትን ማስቀመጥ ይቻላል። የታዘለውን የሚያወርድልሽ ሌላ ሰው ያስፈልግሻል። ይህን ለአለቃ ስነግራቸው ትንሽ ሄዱና «ይህንስ እኔም አላሰብሁት» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ የደነገጥሁበት ጉዳይ የጾም ጉዳይ ነው። አንዲት ትልቅ ወይዘሮ ታመው እንግሊዙ ሐኪም መጣ። መረመራቸውና መጾም ግዴታ እንደሌለባቸው ነገራቸው። እኔ ምራቄን ሳልውጥ «አይጹሙ ይላል» አልሁ። የነፍስ አባታቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይህች ሴት ከባሕር ማዶ የመጣችው ጾማችንን ልታፈርስ ነው?»

«ፈረንጅ ምን የማያስበላ አለው!» አለ ከበሩ በኩል አንዱ፤ ተሳቀ።

አለቃ ከማዕዘኑ ብቅ አሉ፤ ኩታቸውን አደገደጉ። «ባይጾሙ ግድ የለም ማለቱ ነው፣ እመቤቴ። መከልከልና አለማስገደድ የተለያዩ ናቸው፤ በእነሱም አገር የተለያዩ ናቸው። የሚፈቅዱልዎ ግን አባትዎ ናቸው።» ቄሱ ተቀመጡ። ወይዘሮዋም ፈቃድ ተቀብለው መድኃኒቱን ጠጡ። ወደ ቤት ስንመለስ አለቃ አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ አንዴ ብቻ ቆም ብለው፣ እያየኋቸው፣ ምራቃቸውን ዋጡ። ከወቀሳ ሁሉ የባሰ እሱ ነበር።

ንጉሡ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ እኛም ተከተልን። ብርዱ ለአለቃ አልሆነም፤ ደረታቸውን ያዛቸውና በክረምት አረፉ። ጥሩነሽ በዚያ ጊዜ እንግሊዝኛውን ከእኔ አፍ እየለቀመች ነበር። እሳቸው ቢቆዩ ኖሮ ያሠለጥኗት ነበር። እኔ ቃሉን አስተማርኋት፤ ምራቅ መዋጡን አላስተማርኋትም። ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ጌታዬ ሙሴ ሃሪ ይባላል። ተራራ የሚለካ፣ በመነጽር አሻቅቦ እያየ የሚጽፍ እንግሊዝ ነው። የንጉሡን የፈቃድ ወረቀት ይዞ የካ ሜዳ ላይ ድንኳን ተከለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ለጥሩነሽ ከእንጨት በቅሎ ቀርጾላታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ቋንቋ ስንጫወት ጠየቀኝ።

«እናንተ ‹መስት›ን በምን ትሉታላችሁ?»

«በብዙ መንገድ እንለዋለን፤ ‹ግድ ነው› አለ፣ ‹ይገባሃል› አለ፣ ‹አለብህ› አለ።»

«ከሁሉ የሚከብደውስ?»

ነገርሁት። በእኛ አገር ሰው «ንጉሥ ይሙት» ብሎ ካዘዘ የሰማው እንቢ ማለት አይችልም፤ ማለፉ የንጉሡን ሞት እንደ መመኘት ይቆጠራል፤ ዳኛ ፊት ያቆማል፤ ይህ የጨዋታ ቃል አይደለም አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ቃሉን ግን እንደ ከረሜላ በአፉ ሲያገላብጥ አየሁት።

በማግሥቱ «ንጉሥ ይሙት፣ ሻይ» አለ። ሠራተኞቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልማድ ሆነ። ጨው ሲቀባበሉ ንጉሥ ይሙት፤ ገመድ ሲፈቱ ንጉሥ ይሙት። ከሁሉ የሚብሰው ዘለቀ ነበር፤ የመንዝ ልጅ፣ ጭነኛ፣ ቀልደኛ። የተኛች በቅሎ እየጎተተ «ንጉሥ ይሙት፣ ተነሺ!» ይላል፤ አሻፈረኝ ስትለው ወደ እኛ ዞሮ «ተዋት፣ ሸፍታለች» ይላል።

«ጆሮ ያለው ሰው አንድ ቀን ይሰማችኋል» እላቸው ነበር።

«እሜቴ፣ እዚህ ያለነው እኛው ነን። ማን ለማን ይናገራል?» ይለኛል ዘለቀ።

እውነቱን ነው፤ እኛው ብቻ እስከሆንን ድረስ ቃሉ ቀልድ ነበር። ሙሴ ሃሪና ልጄም «መስት» ማለት «ንጉሥ ይሙት» ማለት ነው ብለው ያዙት። እኔም እየሰማሁ ለመድሁት። ይቆጨኛል።

በክረምቱ ምች መትቶኝ ተኛሁ። ወደ ሥራ በእኔ ቦታ የወጣችው ጥሩነሽ ናት። እሷ እንደ ነገረችኝ፣ ከቀበና ማዶ የመለኪያው ሣጥን ዛፍ ሥር ቀርቶ ነበር። እንጦጦ ላይ ዘንቦ ወንዙ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እየገፋ መጣ። ሙሴ ሃሪ ሣጥኑ እንዳይርስበት ፈራ፤ ዘለቀ በቅሎዋን ይዞ እንዲሻገር አዘዘው።

«ጌታዬ፣ ቀበና ቁጣው ቶሎ ያልፍለታል። ትንሽ እንታገሠው» አለ ዘለቀ። ልጄ አስተረጎመች። ሙሴ ሃሪ ሰማዩን አይቶ «መስት» አለ።

ውሃው ይጮሃል፤ ልጄም ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ «ንጉሥ ይሙት፣ ተሻገር ይላል!»

በዚያች ሰዓት ወንዙ ዳር የነበሩት የእኛ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቁ፣ የማናውቃቸው ወታደሮች ከጎን ቆመው ነበር። ሁሉም ዞሩ። አንዱ እንደውም የንጉሡ ስም ሲነሣ ቆቡን ነካ። ዘለቀ እነሱን አየ። ከዚያ ልጄን አየ። ፈገግ ሊል ሞከረ ትላለች።

«ሰምተዋል እንግዲህ» አለ። ኩታውን አውልቆ ለእሷ ሰጣት። «ያዢልኝ፣ አትርሺኝ።»

በቅሎዋ ወጣች። እሱን ከታች፣ ውሃው ከሚሰፋበት ቦታ አገኙት።

ስሰማ ከነትኩሳቴ ተነሥቼ ወረድሁ። ሙሴ ሃሪ ጭቃው ላይ ተቀምጦ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ መጠበቅ ነበረብኝ፣ መጠበቅ ነበረብኝ። የ«ሹድ»ን የኋላ መልክ የሰማሁት ያኔ ነው። ፊት ፊት ሲሄድ ምክር የነበረው ቃል ወደ ኋላ ሲዞር ጸጸት ይሆናል። አስተርጉሚልኝ ብሎ ወደ እኔ ቀና አለ። ለማን ነው የማስተረጉምለት? ዘለቀ ጋቢ ተሸፍኗል። በሥራ ዘመኔ ያላስተረጎምሁት ንግግር ያ ብቻ ነው።

ሙሴ ሃሪ ለሽማግሎቹ ካሳውን አስረክቦ ወደ ባሕር ወረደ። የንጉሡ ወረቀት ያለውን ፈረንጅ ማንም አይነካውም። አለቃ እንግዳወርቅ «የአስተርጓሚ አፍ አሸንዳ ነው፤ ውሃው የሰማይ ነው» ይሉ ነበር። ወንድሙ የሞተበት ሰው ግን ሰማዩን ምን ያደርገዋል? ወታደሮቹ የሰሙት የፈረንጁን «መስት» አይደለም። የልጄን ድምፅ ነው።

እንግዲህ አዴ ጫልቱ ይህን ወሬ ይዛ ስትመጣ ነገሩ እዚህ ደርሶ ነበር።

«ዳኛ ዘንድ ልሂድ?» አልኋት።

«ዳኛው እስኪሰማሽ ጥይቱ ይቀድምሻል። እንጦጦ ማርያም ውጪ፤ ደወሉን ደውለሽ ተማጸኚ። ከቅጥሩ ውስጥ ሰው አይነካም።»

«መንገዱ ገላጣ ነው። ቁመቷን ያውቃል።»

አዴ ጫልቱ ጥሩነሽን ወደ ውስጥ ጠራቻት። ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ ወጥታ የጥድ እንጨት እስር አመጣችና ጀርባዋ ላይ ጫነችባት። ልጄ እጥፍ አለች።

«ይኸው» አለች። «አሁን ቁመት የላትም። በጧት እንጨት ይዘን ከምንወጣው ሴቶች ጋር ትወጣለች። አንቺም ተሸከሚ።»

በማለዳ ወጣን። አዴ ጫልቱ ከፊት፣ ጎረቤቶቿ ቀጥለው፣ ጥሩነሽ ከእኔ ፊት። አቀበቱ አንሸራታች ነበር። ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው ይቀላለዳሉ። ከተራራው ወገብ ላይ መንገዱ በሚጠብበት ቦታ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል፤ ራሱን ተላጭቷል። አይቼው አላውቅም። ግን የዘለቀ አገጭ ነበረው።

በፊቱ ስናልፍ አንድ በአንድ ተመለከተን። ጥሩነሽ ፊቱ ስትደርስ የእንጨቱ እስር ወደ ጎን ተንሸራተተና ተንገዳገደች። ወደ እሷ ልሮጥ ብል ሸክሜ ያዘኝ።

ሰውዬው ተነሣ። ጠመንጃውን ድንጋዩ ላይ አስደገፈ። በሁለት እጁ እስሩን ከልጄ ጀርባ ላይ አነሣ፤ አስተካክሎ መለሰላት፤ ገመዱንም አጠበቀላት።

«ለሕፃን ይህን ያህል ያሸክማሉ?» አለኝ። «ልጅሽ ናት እናቴ?»

ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ስናገር ኖሬ የራሴን ቃል ያን ጊዜ አጣሁት። ምራቄን ዋጥሁ።

«ልጄ ናት። እንጨቱ ለማርያም ደብር ነው።»

«አይዞሽ» አላት፤ ለልጄ። «ደርሰሻል። ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው።» ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። እሱም የእናት ልጅ ነው፤ እሱም ሳይወድ የተጫነበት ነገር አለ። ይህን እስከ ዛሬ አስባለሁ። ያን ጊዜ ግን ማሰቢያ አልነበረኝም፤ ተራመድሁ።

ከሜዳው ስንደርስ ጥሩነሽ «እማዬ፣ ማነው?» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ሂጂ» አልኋት። የደብሩን በር እንዳለፍን እንጨቱን ጥላ ወደ ድንጋዩ ደወል ሮጠች፤ እኔም ሮጥሁ። የትኛችን ቀድመን እንደ መታነው አላውቅም። ድምፁ በጥዱ መካከል ወደ የካ ወረደ። ቄሱ ከቤተ ልሔም እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ።

«ምን አገኛችሁ?»

«ደም ፈላጊ አለብን፣ አባቴ። በማርያም ተማጽነናል።»

«ማነው የገደለ?»

«ውሃ ነው» አልኋቸው። «ትእዛዙ የእንግሊዝ ነው፤ ድምፁ የልጄ ነው።»

ሙሉ ነገሩን እስክነግራቸው ድረስ አስፋው ደወሉን ሰምቶ ወጥቶ ኖሯል። ከበሩ ውጭ ቆሟል። ልጄ ሸክም የላትም፤ ቀና ብላ ቆማለች። አያት። ያነሣላትን እንጨት መሬት ላይ ተበትኖ አየ።

«እሷ ናት?» አለ ለቄሱ።

«እሷ ናት፣ ልጄ። ገብታለች።»

«ቁመቷ እንዲህ ትንሽ ነው?» አለ። ቄሱ ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግሩት አየሁ፤ የተባባሉትን አልሰማሁም፣ ልጠይቅም አልወደድሁ። እርቁን ሽማግሎች ይዘውታል፤ ይሆናል፣ አይሆንም፣ የእነሱ ነው። እኔ ለደብሩ ስንዴ እፈጫለሁ፤ ልጄ ከሴቶቹ ጋር ጥጥ ትፈትላለች። ፈረንጅ መጥቶ አስተርጓሚ ቢፈልግ እኔ የለሁም።

ልጄ በሕይወት አለች፤ አሁን አጠገቤ ተኝታለች። ከቅጥሩ ውስጥ ነን። ደርሰናል፤ ድነናል።